በክፉ ቀን ታሪክ ስትናገሩ ሳቁን ከየት ታመጡታላችሁ?

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር።

2014 ዓ.ም. ክረምት ላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ እኛ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ባለው ኮሙናል ወደ አርባ የምንሆን ጎረቤታሞች ተሰብስበን ነበር። በወር አንድ ቅዳሜ ማታ እንገናኛለን። አምስት ስድስት ሰው ተራ በተራ ይነሳና በራሱ ላይ የደረሰ ታሪክ ይናገራል፣ ሌላው ቡናውን እየጠጣ ይሰማል። በቃ ይኸው ነው። መድረክ የለም፣ መግቢያ አይከፈልም። ኮሙናሉ ለቅሶም ሰርግም የሚስተናገድበት፣ ለበዓል በግ የሚታረድበት ቤት ስለሆነ ግድግዳው ራሱ ሳቅና ለቅሶ መለየት ትቷል።

የዚያን ዕለት ከፋቹ እኔ ነበርኩ። ጊዜውን ታስታውሱታላችሁ፤ ጦርነቱ፣ ኑሮው፣ በየሰዓቱ የሚሰማው ዜና። ሰዉ ፊቱን አጨፍግጎ ነው የመጣው። ፈታ ላድርጋቸው ብዬ ታሪኬን ሳልጀምር አንድ ቀልድ ጣል አደረግኩ። «ስልክ የማያነሳ ሰው ወይ ተበድሯል ወይ ተድሯል» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እትዬ ግን ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱና ወጡ። ለካ ወንድማቸው ለሥራ ወደ ሰሜን እንደሄደ ስልክ ተቋርጦ፣ ከዓመት በላይ ድምፁን ሰምተው አያውቁም።

ቀልዱ መጥፎ አልነበረም። ስድብ የለበትም፣ ማንንም አይነካም፣ እንደውም አሁንም ያስቀኛል። ግን ከታሪኬ የወጣ አልነበረም። ከሌላ ቦታ አምጥቼ፣ ማን እንደተቀመጠ እንኳን ሳላይ ነው የደፋሁት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እየተሳሳትኩ የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ። እናንተም ሰፈራችሁ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ምሽት ልታዘጋጁ ካሰባችሁ፣ ወይ ዕድር ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ለቅሶ ቤት «እስኪ አጫውተን» የምትባሉ ሰዎች ከሆናችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው።

ሽንኩርት ነው እንጂ ጨው አይደለም

ብዙ ሰው ቀልድን እንደ ጨው ያየዋል። ወጡ ከደረሰ በኋላ ቀምሶ፣ አነሰ ብሎ ጣል ማድረግ። እኔ ሽንኩርት ነው እላለሁ። መጀመሪያውኑ ከሥር አብሮ ካልተቁላላ፣ በኋላ ብትጨምሩት ጥሬ ጥሬ ይላል።

ስለዚህ ቀልድ አትጨምሩ። በታሪኩ ውስጥ የነበረውን ፈልጉ። የሌለበት ክፉ ቀን እስካሁን አላጋጠመኝም። አፈላለጉ ደግሞ ቀላል ነው፦ ወረቀት ያዙና ስለዚያ ቀን ስትጽፉ የተሰማችሁን ሳይሆን የነበረውን ጻፉ። እጃችሁ ላይ ምን ነበር? ማን ያለ ቦታው ምን ተናገረ? በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሀል የማይረባ ምን ነገር አስጨንቋችሁ ነበር? «በጣም አዘንኩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሳቅ የለም። «ሐኪም ቤት በር ላይ ሆኜ አንዱ እግሬ ላይ የሚስቴን ነጠላ ጫማ ማድረጌን አየሁ» የሚለው ውስጥ አለ፤ ሐዘኑም ያው እዚያው ነው ያለው።

የራሴን ልንገራችሁ። አባቴ ያረፈ ጊዜ ዕድሩ ድንኳኑን ብሎካችን ፊት ለፊት ተከለ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ብሎክ ሁሉ አንድ ነው፤ ቀለሙም ደረጃውም። ከገጠር ሌሊት ተነስታ የመጣች አክስቴ ገና ሳይነጋ ከታክሲ ወርዳ፣ ድንኳን አየችና «ወንድሜን!» ብላ ደረቷን እየመታች ገባች። ድንኳኑ የኛ አይደለም። ሁለት ብሎክ ወዲያ ሌላ ለቅሶ ነበር፣ ሟቿም የሰባ ዓመት እናት ናቸው። ሐዘንተኞቹም ይቺ ማናት ብለው አልጠየቁም፣ አብረዋት አለቀሱ። ግማሽ ሰዓት ያህል ካለቀሰች በኋላ ነው አንዷ ጠጋ ብላ «እህቴ፣ ለመሆኑ ሟችን በምን ያውቋቸዋል?» ያለቻት። አክስቴ ደንግጣ ልትወጣ ስትል «ለቅሶ ደርሰሽማ እህል ሳትቀምሺ አትሄጂም» ብለው ንፍሮ አስይዘው፣ ሦስት ሰው አጅቧት ወደኛ ድንኳን አመጧት። እነዚያ ሦስቱም ተቀምጠው አባቴን አለቀሱልን።

ይህን ስትነግረን መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ «ጥርስ ባዳ ነው» አለች። አሁን ይሄን ማን ይፈጥረዋል? ባስበው ባስበው አልፈጥረውም። ስናገረውም ማንም አይቀየመኝም፣ ምክንያቱም ከሐዘኑ ውስጥ ነው የወጣው።

የት ነው የሚቀመጠው?

ከሚያመው ቦታ በፊት። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር መልሴ ይኸው ነው።

ሰው ሲስቅ ትንፋሹን ያወጣል፣ ትከሻው ይወርዳል፣ የታሰረው ሆዱ ይላላል። የሚከብደውን ነገር ያኔ ብትነግሩት ይገባዋል። የአክስቴን ታሪክ ካወራሁ በኋላ ሳቁ ገና ሳያልቅ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ድንኳኑ የተነሳበትን ማታ እናገራለሁ፤ ወንበሩ ተቆጥሮ ሲጫን፣ ሰዉ ሁሉ ሲሄድ፣ እናቴ «አሁን ነው የሞተው» ያለችበትን። በመጀመሪያ ይሄንን ብናገር ሰዉ ከንፈሩን መጥጦ ያልፈኝ ነበር።

የሚያመውን ተናግራችሁ ወዲያው ቀልድ አትከተሉ። ይሄ ከሁሉም የበዛ ስህተት ነው፣ እኔም እስካሁን ይይዘኛል። ዝም ሲባል እንፈራለን። ሰዉ አለቀሰብኝ ብለን እንደነግጥና ቶሎ አንድ ነገር ጣል እናደርጋለን። ተዉት፤ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ዝምታውም የታሪኩ ነው።

ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ለሚፈጅ ታሪክ ሁለት ወይ ሦስት ጥሩ ሳቅ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ሰዉ ቀጣዩን ቀልድ ነው የሚጠብቀው፣ ታሪኩን ረስቶታል።

ማን ላይ ነው የሚሳቀው?

ሙድ መያዝና መጫወት ለየቅል ናቸው። መሳቂያ የሚሆን ሰው ካስፈለገ እናንተ ሁኑ። እኔ የተሸወድኩበት፣ የፈራሁበት፣ ፋራ የሆንኩበት ታሪክ እስካሁን አጥቼ አላውቅም። ወይም ደግሞ ሁላችንንም እኩል የሚመታን ነገር ላይ ሳቁ፦ ውሃ በሳምንት አንዴ፣ እሱም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሲመጣ ሰዉ ሁሉ በፒጃማ ጀሪካን ይዞ ደረጃ ላይ ሲገናኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ዕቃ ሁሉ ሽቅብ ሲል አንድ ጎረቤታችን የተናገረው አለ። አምስት ሊትር ዘይት ገዝቶ፣ ሰው እንዳያይበት በጋቢ ጠቅልሎ አቅፎ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ፣ የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ በሯን ከፍታ «እንኳን ማርያም ማረቻት! ሴት ነው ወንድ?» አለችው። «ዘይት» አላልኳትም አለ፤ «ሴት ናት» ብሏት አለፈ።

እዚህ ሰፈር የደረሰበትን ራሱ የሚያወራ ሰው ሞልቷል። ከዶሮ ማነቂያና ከካዛንቺስ ተነስተው ወደ ዳር ከተማ የመጡ አሉ፤ ቤቱን ትተው ብቻ አይደለም የመጡት፣ ዕድሩንም፣ ጉልቱንም፣ ማዶ ለማዶ መጣራቱንም ነው። ከመካከላቸው አንዷ አንድ ማታ ተነስታ «ዶሮ ማነቂያ አርባ ዓመት ኖሬ አንድ ቀን ዶሮ አንቄ አላውቅም፣ እዚህ መጥቼ ግን ብቸኝነቱ እኔን ሊያንቀኝ ነው» አለች። ሳቅን። እሷም ሳቀች። ያንኑ ቀልድ እኔ በሌላ ቀን ብናገረው ሹፈት ነው፤ የሷ ነዋ! የሌላ ሰው ቁስል ላይ የተነገረን ቀልድ አትዋሱ፤ ባለቤቱ ቢፈቅድ እንኳን ስሙን ሳይጠሩ መተው ይሻላል።

ዘዬ መኮረጅ አይሆንም። አውቃለሁ፣ ድሮ በቴሌቪዥንም በካሴትም ስንሰማው ያደግነው ቀልድ ግማሹ የገጠር ሰው አነጋገር ነበር። አሁን ባለንበት ጊዜ ግን የአንድን አካባቢ ሰው አነጋገር ስትኮርጁ፣ ኋላ የተቀመጠው ሰው ሰፈሩን እንጂ ቀልዱን አይሰማም። የአክስቴን ታሪክ ስናገር በኔው ድምፅ ነው የምናገረው፣ ምንም አልጎደለበትም። ሃይማኖትና ብሔርም ያው፤ ብዙ ማብራራት አያስፈልገውም።

መንካት ካለባችሁ ግን የሰምና ወርቁን መንገድ ተጠቀሙ። አለቃ ገብረሐናን አስታውሱ። ተክሌ አቋቋም የሚባለውን ዝማሜ ያስጀመሩ ትልቅ ሊቅ ሆነው ሳለ ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። በስማቸው ከሚነገሩት ውስጥ እኔ የሰማሁት እንዲህ ይላል፦ ራት ተጋብዘው ሞሶቡ ሲከፈት አይጥ ዘላ ትወጣለች። አስተናጋጇ አላየሁም ብላ «ይብሉ እንጂ አለቃ» ትላለች። እሳቸውም «በቃኝ፣ ከሞሶብሽ አይጥፋ» ብለው መርቀው ይነሳሉ። እስኪ «አይጥፋ» የምትለዋን ቀስ ብላችሁ በሏት። ሴትዮዋ ምርቃት ነው ብላ አሜን ማለት ትችላለች፣ የገባው ደግሞ ይስቃል። ማንም ሰው ፊት አልተዋረደችም። በክፉ ጊዜ የሚያስፈልገን ቀልድ እንዲህ ዓይነቱ ነው፣ ለሰሚው መውጫ በር የሚተውለት።

ይሄ ሁሉ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት የጣልያን ወረራ ደጃፍ ላይ ነበር፤ ሰዉን በንግግርና በዘፈን ለማነቃቃት ነው የተሰባሰቡት። አባባ ተስፋዬ ልጆችን «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» እያሉ ንጉሡም ደርግም ኢሕአዴግም ሲፈራረቁ በዚያው በለዘበ ድምፃቸው ተረት አውርተዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ ኮሪያ ድረስ ሄደው ወታደሩን አጫውተዋል። ጦር ሜዳ ላይ ማጫወት! እኔ ኮሙናል ውስጥ መናገር ከብዶኝ ላብ በላብ እሆናለሁ።

ጎረቤታችን ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፣ የደርግን ጊዜ ሲያወሩ ማየት አለባችሁ። ያኔ ሰልፍ ያየ ሁሉ ምን እንደሚሸጥ ሳይጠይቅ ይሰለፍ ነበር። እሳቸውም ስኳር ነው ብለው ሁለት ሰዓት ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ «እጅጌህን ሰብስብ» ተባሉ። ክትባት ነው። መውጣት ያስጠረጥራል ብለው ተከትበው ወጡ። ቤት ሲገቡ ሚስታቸው «ስኳሩስ?» ሲሏቸው ክንዳቸውን ገልጠው «ይኸው» አሉ። ጋሼ ይሄንን ሲናገሩ ፈገግ እንኳን አይሉም። ከዚያ ዝም ይሉና፣ በዚያው ዓመት ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰውን ታናሽ ወንድማቸውን ያነሳሉ። እስካሁን ከሰማኋቸው ሁሉ ሳቁን የት እንደሚያስቀምጥ አብጠርጥሮ የሚያውቅ እንደሳቸው አላየሁም፤ ማንም አላስተማራቸውም።

ልምምዱ ቡና ላይ

መስታወት ፊት ቆሞ መለማመድ ለኔ አልሠራም። ቡና ላይ ሞክሩት። ታሪክ ልናገር ነው ሳትሉ፣ እንደ ወሬ፣ አቦሉ ሲቀዳ አንዴ አውሩት። በረካ ላይ አርፍዶ የመጣ ሰው አይጠፋም፤ ለሱ ድገሙለት። ለሁለተኛ ጊዜ የሚሰሙት ሰዎች የት ላይ ቀድመው ፈገግ እንዳሉ እዩ፣ ያ ቦታ ይቆያል። የት ላይ ስልካቸውን እንዳነሱም እዩ፣ ያንን ቁረጡት። ቡና የምታፈላዋ ሴት ጀበናውን ይዛ ቆማ ከሰማች ታሪኩ ደርሷል ማለት ነው።

በቃል አትሸምድዱት። የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ያዙ፤ መሀሉ ባላችሁበት ሰዓት ይምጣ።

የዕለቱ ለት

ቀድማችሁ ሂዱና በር ላይ ቁሙ። ሰላምታው ዝም ብሎ ሰላምታ አይደለም፤ ማን ጥቁር ለብሷል፣ ማን ልጅ ይዞ መጥቷል፣ ማን ከሰሞኑ ምን ሆኗል የሚለውን የምታውቁት እዚያ ነው። እኔ የዚያን ዕለት በር ላይ ቆሜ «ወንድምዎስ?» ብዬ ቢሆን ኖሮ ያቺን ቀልድ እውጣት ነበር። ሰዉን የማታውቁት ከሆነ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ የዕድር ጸሐፊ የማያውቀው የለም።

ስልክ ወደ ኪስ። እኛ ይሄንን የጀመርነው አንድ ልጅ የሌላዋን ታሪክ አሥራ አምስት ሰከንድ ቆርጦ ቲክቶክ ላይ ካደረገው በኋላ ነው። እሷ ስለ ልጇ ሕመም እያወራች ነበር፣ የተቆረጠው ግን ሳቁ ብቻ። የማታውቋት ሰዎች ምን እንዳሏት አልነግራችሁም።

አጀማመሩ ላይ እኛ አሁንም የልጅነቱን ነው የምንለው፤ ተናጋሪው «ተረት ተረት» ሲል ሰዉ «የመሠረት» ይላል። የሚያፍሩ ነበሩ መጀመሪያ። አሁን ሽማግሌዎቹ ናቸው ጮክ የሚሉት። አንዴ አብሮ ድምፅ ያወጣ ሰው በኋላ ለመሳቅም ለማልቀስም አይሳቀቅም።

መብራት ከጠፋ ቀጥሉ። ማይክም ቢበላሽ እንዲሁ፤ ለአርባ ሰው ማይክ ምን ያደርጋል?

ቀልዳችሁ ላይ ማንም ካልሳቀ «አልገባችሁም እንዴ» አትበሉ፣ አታብራሩ። ቀልድ መሆኑን እንዳላወቃችሁ ሆናችሁ እለፉ። ከውስጥ የወጣ ከሆነ ባይሳቅበትም ታሪክ ሆኖ ይቀራል፣ አልባከነም።

ሰው ካለቀሰ አታባብሉት፣ ስሙንም አትጥሩ። ጎኑ የተቀመጠው ሰው እጁን ይዘረጋል። ተነስቶ የወጣ ሰው ካለ ግን በማግሥቱ ቤቱ ሂዱ።

እኔ እሑድ ጠዋት አንድ ኪሎ ስኳርና ግማሽ ኪሎ ቡና ይዤ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ገና «ይቅርታ» ስል አቋረጡኝና ያመጣሁትን ቡና ራሴን አስቆሉኝ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ነው የተናገሩት። «ቀልድህ አይደለም ያስወጣኝ። ስቄ ነበር እኮ። ወንድሜ የት እንደገባ ሳላውቅ ሳቄ ሲመጣብኝ ራሴን አፈርኩት።»

እስከዚያች ቀን ያስቀየምኳቸው ነበር የመሰለኝ። «እንግዲያው እርስዎም አንድ ቀን ይናገራሉ» አልኳቸው። «ምን ብዬ? መጨረሻው የማይታወቅ ታሪክ ይወራል እንዴ?» አሉ። አልጫንኳቸውም። ገና ያልበረደ ነገር ተናገሩ ብሎ ሰውን መጎትጎት ደግ አይደለም፤ ቡናውን ጠጥቼ ወጣሁ።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ። ከዚያ ቀስ በቀስ ስልኩም መመለስ ጀመረ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ እትዬ ማንም ሳይጠራቸው ተነሱ። «ተረት ተረት» አሉ። «የመሠረት!»

ስልካቸውን ደረታቸው ውስጥ አድርገው ስለኖሩበት ጊዜ አወሩ። የማያውቁት ቁጥር በደወለ ቁጥር ያነሳሉ፣ አንስተውም አይዘጉም፣ ምናልባት መስመሩ ይቀየርና እሱ ይሆን ይሆናል ብለው። እንደዚያ ሆነው ከአንድ የቤት ደላላ ጋር አርባ ደቂቃ አውርተው፣ ሰሚት ሦስት መኝታ ቤት ሊገዙ ጥቂት ነበር የቀራቸው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ድምፁ የሚንኮሻኮሽ ስልክ መጣ። «ማን ልበል?» «እኔ ነኝ።» «እኔ ማን?» ስሙን ሲነግራቸው እሪ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። እሱ ደግሞ ከዚያ ሆኖ እየጮኸ «እትዬ፣ በኋላ እናለቅሳለን፣ ካርዴ ሊያልቅ ነው!» አላቸው።

እንዲያ ተስቆ አያውቅም። ጋሼ እንኳን ጥርሳቸው ታየ። ሳቁ ሳይበርድ እትዬ «ከዚያ ተቋረጠ» አሉና ዝም አሉ። ካርዱ እውነት አልቆ ነበር። ድጋሚ እስኪደውል ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ የሰሙት ድምፅ የሱ ይሁን ሕልም ይሁን ሳያውቁ ነው ያሳለፉት። ኮሙናሉ ውስጥ የስኒ ድምፅ እንኳን አልነበረም።

አምስት የቆጠሩ ይመስለኛል። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«አንተ ወይ ተበድሯል ወይ ተድሯል ብለህ አልነበር? ሲመጣ ጠየቅኩታ። ተበድሮ ነው የተዳረው።»

ሰዉ ገና ሲስቅ «ተረቴን መልሱ» ብለው ድፎውን መቁረስ ጀመሩ።